ከሰመራ እስከ ደሴ በአንድ ብስክሌት

የአፋርን በረሃ ከወሎ ተራራ የሚያገናኝ የብስክሌት ቅብብል ለመጀመሪያ ጊዜ በተዘጋጀበት በአንድ ወቅት፣ ባቲ ውስጥ በአንድ ብስክሌት የሚሻሙ ሦስት ወዳጆች ነበሩ። ብስክሌቱ የእነሱ አልነበረም፤ የሐጂ ኑርዬ ነው። ሐጂ የሚያከራዩት ብስክሌት ብዙ ቢሆንም ማርሽ ያለው ይሄ አንዱ ብቻ ስለነበር፣ ሦስቱም በተራ በተራ ነበር የሚነዱት።

አንዱ ያዮ ነው፤ ሎጊያ ተወልዶ ያደገ፣ ግመል ነጋዴ አጎቱን ተከትሎ ባቲ የገባ ቀጭን የአፋር ጎረምሳ። ሁለተኛው ሸምሱ ይባላል፤ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፣ እጁ ከግራሶ ጠርቶ አያውቅም። ሦስተኛዋ ትርንጎ ናት። ዳቦ ቤት ተቀጥራ፣ በየማለዳው ዳቦ በጆንያ ጭና የባቲን ዳገት ስትወጣ ከኮርቻው ላይ ስትወርድ ያያት ሰው የለም።

የውድድሩን ወሬ ሲሰሙ ሦስቱም ተያይዘው ሐጂ ኑርዬ ዘንድ ሄዱ። ደንቡ አጭር ነው፦ ለአንድ ቡድን ሦስት ሰው፣ አንድ ብስክሌት። የመጀመሪያው ከሰመራ እስከ ሚሌ፣ ሁለተኛው ከሚሌ እስከ ባቲ፣ ሦስተኛው ከባቲ ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ደሴ ይነዳል። መንገድ ላይ የተበላሸውን የሚጠግነው ነጂው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ካስገባ ቡድኑ ይሰረዛል። ሽልማቱ አንድ አዲስ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው።

«ውሰዱት፤ ብቻ ብስክሌት ሆኖ ይመለስልኝ» አሉ ሐጂ።

ሰኞ ማለዳ ስምንት ቡድኖች ከሰመራ ተነሡ። ያዮ እስከ ሎጊያ ከሌሎቹ ጋር ተፋፍጎ ነዳ። ሎጊያን አለፍ እንዳሉ ሰማዩ ቢጫ ሆነ፤ የአሸዋ ማዕበል መጣ። ሰባቱ ነጂዎች መንገድ ዳር ከቆሙ የጭነት መኪኖች ጀርባ ተጠለሉ።

«ያዮ፣ አብደሃል? ና ግባ!» ብለው ጮሁበት።

ያዮ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን ሽርጥ ፊቱ ላይ ጠመጠመ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነፋስ ነው፤ ቶሎ እንደማያልፍም ያውቃል። አንገቱን ደፍቶ፣ የአስፋልቱን ነጭ መስመር ከፊት ጎማው ሥር ሳያጠፋ ገሰገሰ። አሸዋው ክንዱን እንደ መርፌ ይወጋው ነበር። ከማዕበሉ ሲወጣ ከኋላው ማንም አልነበረም። ሚሌ የገባው ሁለተኛውን በሃያ ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አሸዋ ለብሶ፣ በሳቅ እየፈነደቀ።

ሸምሱ ብስክሌቱን ሲቀበል ፔዳሉን አንዴ አሽከረከረና ጆሮውን ሰጠ። «ካቴናው አሸዋ በልቷል። ሁለት ደቂቃ ስጠኝ፣ ልጠበው።»

«ምን ሁለት ደቂቃ ትላለህ! በነፍሴ ነው ያመጣሁት፣ ንዳ!» አለው ያዮ።

ሸምሱም ነዳ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካቴናው ቀጭ ብሎ ተበጠሰ፤ ማርሽ መቀየሪያውም ተጠማዝዞ የኋላ ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ተሰነቀረ። ሸምሱ ከአንዲት ግራር ሥር ቁጭ አለ። ከኪሱ ሚስማር፣ ከመሬት ድንጋይ አነሣ። የተጠማዘዘውን ፈትቶ አወጣ፤ ካቴናውን አሳጥሮ መልሶ ገጠመው። ከእንግዲህ ብስክሌቱ የሚኖረው አንድ ማርሽ ብቻ ነው። የቱ ይሁን?

ከፊቱ የተዘረጋው ሜዳ ነው። ካቴናውን የኋላ ጎማው ትንሹ ጥርስ ላይ ቢያስረው እንደ ጥይት ይተኮሳል፤ መሪነቱም አያመልጠውም። ትልቁ ጥርስ ላይ ቢያስረው ግን ለዳገት እንጂ ለሜዳ አይሆንም። ሸምሱ ትርንጎን አሰበ፤ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት አሰበ። ትልቁ ላይ አሰረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አስቂኝ ነበር። እግሮቹ እንደ ስፌት መኪና ይርገበገባሉ፣ ብስክሌቱ ግን ይንፏቀቃል። በአጠገቡ እየተፈተለኩ ከሚያልፉት አንዱ «ሸምሱ፣ ሱሪዬ ተቀዷል፣ ትሰፋልኛለህ?» አለው። ሸምሱም ራሱ ሳቀ፤ መርገብገቡን ግን አላቆመም። ስድስት ሰው አለፈው። የባቲ ኮረብታዎች ሲጀምሩ ሦስቱን መልሶ ያዘ። የሰኞ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ስለነበር በግመልና በፍየል መሐል እየተሹለከለከ፣ ሕዝቡ እያጨበጨበለት አራተኛ ሆኖ ገባ። ከመሪው በአሥራ አንድ ደቂቃ ርቆ ነበር።

«ምን አደረግኸው?» አለች ትርንጎ፣ የጎደለውን ዕቃ አይታ።

«አንድ ማርሽ ነው ያለሽ። የሚወጣው ነው።»

«ለሚወርደውስ?»

«ለሚወርደው ዱዓ አድርጊ!»

ትርንጎ እየሳቀች ተፈተለከች። የባቲን ዳገት የዳቦ ጆንያ ሳይኖርባት ስትወጣው ቀለላት፤ ሦስተኛውን እዚያው አለፈችው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ቁልቁለት ሲመጣ ግን ፔዳሉ ከንቱ ሆነ። ሌሎቹ ፔዳል እየረገጡ ሲወርዱ እሷ በከንቱ ታሽከረክራለች። ስለዚህ እግሯን አቆመች፤ ደረቷን መሪው ላይ አስተኛች፤ ጣቶቿን ደግሞ ከፍሬኑ ላይ አነሣች። በየጠመዝማዛው ሕዝብ በድንጋጤ ጮኸ። ኮምቦልቻ ስትደርስ እንባዋ በነፋስ ወደ ጆሮዋ ተስቦ ነበር፤ ከቀደሟት ጋር የነበረው ልዩነት ግን አልሰፋም።

ሐረጎ ላይ ጉምና ካፊያ ተቀበላት። እዚህ ማርሹ በልኳ ሆነ። ሁለተኛውን አጋማሹ ላይ አለፈችው። ጥላ ዘርግተው መንገድ ዳር የቆሙ ሴቶች እልል አሉላት። መሪው ግርማው የሚባል የደሴ ልጅ ነበር፤ ያንን ዳገት ስንት ዓመት የተመላለሰበት። ትርንጎ ጉሙ ውስጥ ጀርባውን ስታይ አንድ ነገር ገባት፦ ዳገቱ አልቆ የከተማው ሜዳ ላይ ከደረሱ በአንድ ማርሽ ልትቀድመው አትችልም። የቀራት ጠመዝማዛ አንድ ነው። አቅሟን ለመጨረሻው መቆጠብ ትታ፣ ያላትን ሁሉ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ አፈሰሰችው። ግርማው ዞር ሲል አልፋው ነበር።

ከተማው ውስጥ ግርማው እያሳደደ ደረሰባት። የሷ እግሮች አሁን በተራቸው የስፌት መኪና ሆኑ። የመጨረሻው መስመር ላይ በግማሽ ጎማ ቀደመችው።

ያዮና ሸምሱ በአዘጋጆቹ መኪና ቀድመው ደሴ ደርሰው ስለነበር ከነብስክሌቷ ተሸከሟት። ግርማውም መጥቶ እጇን ጨበጠና «በዚህ ነው ያሸነፍሽኝ?» እያለ የጎደለውን ዕቃ ደጋግሞ አየ።

ደስታው ረገብ ሲል የአዘጋጆቹ ሊቀመንበር አንድ ቅጽ ይዘው መጡ። አዲሱ ቀይ ብስክሌት በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል፤ ስሙ የሚጻፈው ሰውም በክረምት ለሁለት ወር የብስክሌት ሥልጠና ይሄዳል። «የማን ስም ይግባ? እናንተው ተስማሙና አምጡልኝ» አሉ።

ሦስቱ ጭማቂ ቤት ገቡ። ሐጂ ኑርዬም ብስክሌታቸውን ለመረከብ መጥተው አብረዋቸው ተቀመጡ። ሦስቱም ያን ብስክሌት ይፈልጉታል፤ አልተደባበቁም።

«ማዕበሉን ባልሻገር ኖሮ ሸምሱ ሲጠግን ሁሉም አልፈውን፣ ዛሬ ስማችን አይነሣም ነበር» አለ ያዮ።

«ካቴናውን የበጠሰው ያ ማዕበል አይደለም እንዴ? ልጠበው ብልህ እንቢ አልክ» አለው ሸምሱ። «የሞተውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ማርሹንም ለራሴ አልመረጥኩም።»

«የካቴናውን ድምፅ የሰማኸው አንተ፣ ጠጋኙም አንተ፤ ለምን እሺ ብለህ ነዳህ ታዲያ?» አለች ትርንጎ። «መሪነቱን ይዘህ ብትመጣልኝ ኖሮ አሥራ አንድ ደቂቃ ባላሳደድኩ። አራተኛ ሆኖ የመጣውን አንደኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«በማን ማርሽ?» አለ ሸምሱ።

«በማን እግር?» አለች ትርንጎ።

«በማን ሃያ ደቂቃ?» አለ ያዮ፤ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ፤ ጭማቂ ቤቱም አብሮ ሳቀ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉ በመጨረሻ።

ሐጂ ኑርዬ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ሦስተኛዋን አዩ። «እኔ ብስክሌት አከራይ ነኝ፤ ሦስታችሁም ደንበኞቼ ናችሁ» አሉና ጭማቂያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን ከፍተው በር ላይ ቆመዋል። ቅጹ ላይ ለስም የተተወው አንድ መስመር ብቻ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማን ስም ይጻፍ፦ የያዮ፣ የሸምሱ ወይስ የትርንጎ?