የመጋዘኑ ቁልፍ

«ሄልሜቱ መጋዘን ውስጥ ነበረ። ሠራተኛው ሳያደርገው ሞተ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ፎርማን ከሆንህ ሦስት ወርህ ነው፤ እኔ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርሁ። ቁጭ በልና ስማ።

አንድ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ነበረ። ሰውየው ንፉግ አልነበረም። የፎቁ ወለል ሶሌታ በተሞላ ቁጥር በግ ያርዳል፣ ለሠራተኛው ጠላ ያስመጣል። ሃምሳ ሄልሜትም ገዝቶ ነበር። ግን እንዳይቧጨሩበት መጋዘን ቆለፈባቸውና ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ይከፍታል፣ ሁሉም ያደርጋል። ተቆጣጣሪው ከበር ሲወጣ ሄልሜቱ ተወልውሎ ይመለሳል። ሠራተኛውም እየሳቀ ይመልስ ነበር።

አራተኛው ሶሌታ በሚሞላበት ጠዋት፣ ከታች ሲሚንቶ የሚያቦካ አንድ ሠራተኛ፣ «ጌታዬ፣ ከላይ ሰው በዝቷል፤ አንድ ሄልሜት ይስጡኝ» አለው።

«ተቆጣጣሪ የሚመጣው ሐሙስ ነው» አለና አለፈው።

ረፋድ ላይ ከርብራቡ መዶሻ አመለጠና የዚያን ሠራተኛ አናት መታው። እዚያው ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ባለ ፎቁ ያኔ ሮጠ። መጋዘኑን ከፍቶ አዲስ ሄልሜት አመጣና በሬሳው ራስ ላይ አጠለቀው፤ ማሰሪያውንም ከአገጩ ሥር አጠበቀለት። ፖሊስ ሲደርስ ሟቹ እንደ ደንቡ ለብሶ ተኝቷል። በጉ በዚያ ቀን ሳይታረድ ዋለ።

የሟቹ ሚስት መጣች። ሄልሜቱን ከራሱ አወለቀችው። ውስጡ በደም ርሷል፤ ላዩ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። አገላብጣ አየችውና፣ «መዶሻው ይህን ሳይነካ ነው ባሌን የገደለው?» አለች።

ባለ ፎቁ ቁልፉን ሸሚዙ ሥር ሸሸገ። የቀረው ሠራተኛ ሁሉ ዝም አለ።

ልጄ፣ አንተ ሬሳ አላለበስህም። ግን ነገ መርማሪው ፊት ቆመህ «ሄልሜት ነበረን» ብቻ ብለህ ልትወርድ አስበሃል። ያም ለሞተ ሰው ሄልሜት ማጥለቅ ነው። መጀመሪያ ያንተ ሠራተኛ በሞተበት ጠዋት የመጋዘኑ ቁልፍ በማን ኪስ እንደነበረ ተናገር። ያኔ ዝም ካሉት ሠራተኞች አንዱ እኔ ነበርሁ። የዚያችን ሴት ጥያቄ ዛሬ ነው የመለስሁት፤ እሷ ግን ከሞተች ቆየች። ያንተ ሟች ሚስት ገና ለቅሶ ላይ ናት። ሂድና ለእሷ መልስላት።