ያልሰማ ተቀባይ

አንድ የእድር ዳኛ ነበሩ፤ ጋሽ ድንበሩ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤታቸው ሰው አይጠፋበትም። የተጣላ ይመጣል፣ ድንኳን የሚጠይቅ ይመጣል፣ ወሬ የናፈቀውም ይመጣል። ሁሉም የሚቀመጠው ሳሎን ነው። ራውተሩም እዚያው ብፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ራውተር ዳንቴል ምን ያደርግለታል አትበሉኝ፤ እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አለ እንዴ?

ልጃቸው ሐመልማል ከግቢው ጫፍ ባለችው ሰርቪስ ቤት ትኖራለች። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ፈልጋ፣ በመጨረሻ አንድ ድርጅት ቤቷ ሆና ደንበኞቹን በኢንተርኔት እንድታነጋግርለት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠራት። ቀኑን ሙሉ የሚወራበት ሥራ ስለሆነ፣ የእድር ክርክር በሚጦፍበት ሳሎን ውስጥ አይሞከርም። ሰርቪስ ቤቷ ጸጥ ያለች ናት፤ ግን ዋይፋዩ እዚያ ድረስ በደንብ አይደርስም። ሁለት ጊዜ ከደንበኛ ጋር እያወራች መስመሩ ተቋረጠባት። አለቃዋም፣ «ሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ውላችን ያበቃል» ብላ ጻፈችላት።

ሐመልማል ይህን ልትነግራቸው አባቷ ጋ ሄደች። «አባዬ፣ መስመሩ እኮ...» ከማለቷ ጋሽ ድንበሩ እጃቸውን አነሱ።

«ገባኝ፣ ገባኝ! በቃ ለእኔ ተዪው።»

እሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይገባቸዋል። በማግስቱ ሁለተኛ ራውተር ገዝተው መጡ። ሻጩ የሳሎኑን ዋይፋይ ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ አድርጎ አስተካክሎላቸዋል። ጋሽ ድንበሩ ወስደው ሐመልማል አልጋ ራስጌ ሰኩት። የቸገራት እሷ ስለሆነች፣ ከእሷ አጠገብ ሌላ ምን ቦታ ይኖረዋል ብለው ነው። ላፕቶፗ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ወዲያው ጢም ብሎ ሞላ።

«አየሽ? ሙሉ ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው።

እውነታቸውን ነው፣ ሙሉ ነበር። ግን አንድ ነገር እንኳ አይከፍትም። ቀድሞ እየተቆራረጠም ቢሆን ትሠራ ነበር፤ አሁን ግን ላፕቶፗ የቀረበውን አዲሱን ብቻ እየያዘ መስመሩ ጭራሽ ጠፋ። የሞባይል ካርድ እየሞላች በስልኳ ሁለት ቀን ተንገታገተች። ከዚያ ተመልሳ አባቷ ጋ ሄደች።

«አባዬ፣ ምልክቱ ነው እንጂ የሞላው፣ ኢንተርኔት የለውም።»

«ሙሉ እያለ እንዴት የለውም?»

«እኔም አልገባኝም፣ ግን...»

«ሐመልማል፣ ሥራው ከሰለቸሽ ሰለቸኝ በዪ። በዕቃ አታመካኚ።»

ልጅቷ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሥራ ስትለምን የኖረች ሰው ሥራ ሰለቸሽ ስትባል ምን ትበል! ጋሽ ድንበሩ ግን ሳሎን ተመልሰው፣ ለተሰበሰቡት የእድር ሰዎች፣ «የዛሬ ልጅ እኮ ሁሉን ብታሟላለትም ሥራ አይወድም፤ የኔዋን ማየት ነው» ብለው አወሩ። ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የሰፈር እናት ሐመልማልን መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ልጄ፣ የተገኘ ሥራ አይናቅም» ብለው መከሯት። አሁንስ በጣም ተናደደች። ሄዳ ሸምሱ የሚባለውን የሰፈሩን ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ራሷ ጠርታ አመጣች።

ሸምሱ ስልኩን እያየ ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ቤት፣ ከሰርቪስ ቤት እስከ ሳሎን ተመላለሰ። በመጨረሻ ጓዳ ገብቶ፣ ወደ ጓሮው ሰርቪስ ቤት በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ቆመ።

«ቦታው እዚህ ነው ጋሼ። ከጤፉ ጆንያ በላይ።»

«ጓዳ? አዲስ ዕቃ እኮ ነው ሰውዬ! ሽንኩርትና በርበሬ መሀል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ጓዳዎ አይገባም ጋሼ።»

«ደግሞስ እሷ ያለችው እዚያ፣ እኔ ጓዳ ባስቀምጠው ምን ይጠቅማታል?»

ሸምሱ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ ድሮ ሰርግ ላይ ዘፈን የሚያወርዱት እርስዎ ነበሩ አሉ።»

«ማን እንደ እኔ!»

«እርስዎ ድንኳን ውስጥ ሆነው ቢያወርዱ፣ ተቀባዩ ደግሞ ማዶ ሰፈር ቢቆም፣ ምን ብሎ ይቀበላል?»

«ምን ሰምቶ ይቀበላል! ዝም ብሎ ይጮሃል እንጂ።»

«ይኸውልዎ፣ ይህ ራውተር ተቀባይ ነው። ከራሱ የሚያወጣው ቃል የለውም። ልጅዎ አልጋ ጋ ሲሰኩት የሳሎኑን አይሰማም። እሷ ጋ ሙሉ ሆኖ የሚታየው የራሱ ጩኸት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። እዚህ ካስቀመጡት ግን ከሳሎኑም ይሰማል፣ ለእሷም ያሰማል።»

ጋሽ ድንበሩ ራውተሩን ከሰርቪስ ቤቱ ነቅለው አመጡ። ሽንኩርቱን ገፋ አድርገው ራውተሩን በገዛ እጃቸው ሰኩ። ትንሽ ቆይቶ ሐመልማል ከሰርቪስ ቤቷ፣ «መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች። ምልክቱ ግማሽ ብቻ ነበር፤ ሁሉን ነገር ግን ይከፍታል። ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንዴም ሳይቋረጥባት ሠራች።

ሥራዋን ስትጨርስ አባቷ በሯ ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ሰለቸሽ ያልኩሽ...»

«ተወው አባዬ።»

«አልተወውም። ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አንቺ የምትዪውን ግን አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው አልሰማሁም። እስቲ ሥራሽ ምንድነው? ንገሪኝ።»

ተቀምጠው ሰሟት። እሷ ተናግራ እስክትጨርስ እጃቸውን አላነሱም። በማግስቱ ሳሎን ለተሰበሰበው ሰው፣ «ስለ ልጄ የነገርኳችሁን ሳልሰማ ነው የነገርኳችሁ፤ አፈርኩ» አሉ። ግን ያን ቀን ወሬውን ከሰሙት አሥራ አንድ ሰዎች አሁን የመጡት ሰባቱ ብቻ ነበሩ። ሰው አስታራቂው ሽማግሌ የቀሩትን አራቱን ፍለጋ ቤት ለቤት ሲያንኳኩ ዋሉ። አራቱ ለማን ለማን እንዳወሩ ግን ማን ያውቃል? እሳቸውም ይህንን ሲያስቡ ደከማቸው። ሐመልማል ሙከራዋን ጨርሳ ተቀጠረች፤ እንደ አባቷ ወሬ ቢሆን ኖሮ ግን ያለ ሥራ ቀርታ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ለተቸገረ ሰው መቅረባችን ወይም ድምፃችን መጉላቱ ብቻውን አይጠቅመውም። ሰው ለሰው የሚያደርሰው የሰማውን ብቻ ነው፤ ያልሰማ ሰው ሲያወራ ጩኸት ነው፣ ጩኸቱም የሰው እንጀራ ሊዘጋ ይችላል። እናንተስ፣ ትናንት ስለ ሰው ያወራችሁትን ከራሱ ከሰውዬው ሰምታችሁት ነበር?