ስለ ተታለለችው መበለትና ስለ ሳቁባት ጎረቤቶቿ

ምእመናን ሆይ፥ እመ ብርሃን ማርያም ላፈረች ባሪያዋ ያደረገችውን እንነግራችኋለንና ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ።

ወለተ ሐና የምትባል መበለት ነበረች፤ ጎሕ ሲቀድ ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል አትቀምስም፥ የጎረቤቶቿንም የማርያም ማኅበር ጽዋ በቤቷ ትጠብቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ እያፈሰሰ በእመቤታችን ሥዕል ላይ ዝናብ ሲወርድ ባየች ጊዜ ሁሉ አንጀቷ ያርር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ቆብ የደፋ ሰንሰለት የታጠቀ ሰው መጣና «ብርሽን በዚህ ማሰሮ አሽጌ እጸልይበታለሁ፤ ሱባኤው ሲፈጸም ወርቅ ሆኖ ታገኚዋለሽ፥ ለማንም ከተናገርሽ ግን በረከቱ ይሸሻል» አላት። እርሷም የጣራውን ነገር አሰበችና፥ ባሕታዊም ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅምና፥ መስቀሉን ተሳልማ የብር አምባሯን አውልቃ ሰጠችው፤ እርሱም ማሰሮውን አሽጎ ትቶላት ሄደ። ሱባኤው ሲፈጸም ማሰሮውን ብትከፍት ጠጠር አገኘች።

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ወሬው በተሰማ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሳቀባት። ከሁሉ ይልቅ ባላምባራስ ወንድይራድ «ስግብግብነት እንጂ ሌላ ምን ይባላል፤ የራሷን ያልጠበቀች ጽዋችንን ልትጠብቅ ነውን?» አለና ጽዋው በማኅበሩ ቀን ከእርሷ እንዲወሰድ አስወሰነ። ወለተ ሐናም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ወድቃ «እመቤቴ፥ አምባሩስ ይቅር፤ ጽዋሽን ከእጄ አታስወጪብኝ» እያለች አለቀሰች።

የማኅበሩም ቀን ደረሰና ሰው ሁሉ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰበ። ሩቅ አገር የደረሰው አታላይ ወንዝ ሊሻገር ሲል ግን በቅሎው ወደ ኋላ ተመለሰችና፥ ቢመታት ቢለማመጣት እምቢ ብላ፥ እጁም ከልጓሟ ጋር ተጣብቆበት፥ እየጎተተች አምጥታ በሕዝቡ መካከል ተንበረከከች፤ ከዚያም ጭነቱ ተፈታና የብሩ ጌጥ ተዘረገፈ። የወለተ ሐና አምባር ብቻ መስሏቸው ቢያዩ የአገሩ ብር ሁሉ ከዚያ ነበር። የባላምባራስም ሚስት አንድ ቀለበት አነሣችና «ይህ ያንተ አይደለም ወይ? ወንዝ ስሻገር ወደቀብኝ አላልኸኝም?» አለችው፤ እርሱም የሚገባበት ጠፋው። የሳቁት ሁሉ ለካ ጠጠር የሞላ ማሰሮ በየጓዳቸው ደብቀው ኖሯል።

አታላዩም «አንዳችሁ ለጎረቤቱ ቢነግር ኖሮ ከመጀመሪያው ቤት ባላለፍሁ ነበር» ብሎ ተናዘዘ፤ እጁም ያን ጊዜ ተለቀቀለት።

ባላምባራስም ከወለተ ሐና እግር ሥር ወደቀና «ይቅር በዪኝ፤ በአንቺ የሳቅሁት የእኔ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው» አላት። እርሷም አነሣችው፤ ከጽዋውም አስቀድማ እርሱን አጠጣችው። ሕዝቡም እመቤታችንን በእልልታ እያመሰገኑ ወለተ ሐናን ከነጽዋዋ እስከ ቤቷ አደረሷት።

እኛንም ከአታላይ ምላስ፥ በተታለለ ሰው ላይ ከመሳቅም፥ በልጇ በኢየሱስ ክርስቶስ ቸርነት ትጠብቀን፤ ያነበበውንም የሰማውንም በረከቷ አይለየው፤ አሜን።