ድመቷና የግራዝማች መኪና

ግራዝማች ወንድይራድ አዲስ ጥቁር መኪና የገዙ ሰሞን ሰፈሩ መተንፈሻ አጣ። ልጅ እንዳይነካት፣ ዶሮ እንዳይጠጋት! ቁልፏንማ ለሚስታቸውም አያስጨብጡ።

ከአጥራቸው ሥር የምትኖር አንዲት እህል ቸርቻሪ ደግሞ ጆንያዎቿን ከአይጥ የምትጠብቅላት ድመት ነበረቻት። ድመቷ ሞተሩ ሳይበርድ ኮፈኑ ላይ ወጥታ መተኛት ለመደች።

አንድ እሑድ ግራዝማች ሽማግሌዎች ሰብስበው ሴትዮዋን አስጠሩ።

«ድመትሽ መኪናዬ ላይ ትወጣለች፣ አትወጣም?»

«ትወጣለች፣ ጌታዬ።»

«ጥፍር አላት፣ የላትም?»

«አላት እንጂ! አይጡን በምን ትያዘው?»

«ሰማችሁ? በአፏ አመነች! ቀለሜን ቧጭራ ጨርሳዋለች። ዛሬውኑ በጆንያ ታስራ ከወንዝ ማዶ ትጣል!»

ሴትዮዋ ድመቷ ከሄደች እህሏን አይጥ እንደሚጨርሰው ታውቃለች። «እስቲ ጭረቱን ልየው» አለች።

ሁሉም ተያይዘው ወጡ። ድመቷ የምትተኛበት ኮፈን እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ጭረቱ ያለው በሾፌሩ በር ላይ፣ በቁልፍ ማስገቢያው ቀዳዳ ዙሪያ ነበር።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጭረቱን አየችና ለግራዝማች እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ድመቴ መውጣቱንስ ትወጣለች። ግን ጠጅ ቤት አምሽታ የቁልፉን ቀዳዳ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም!»

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት የግራዝማች ሚስት ነበሩ። ድመቷም ቦታዋን አልለቀቀችም።