የእማዋይሽ እንሽላሊትና የቀትሩ ጭራቅ

ይህን ተረት አክስቴ ስትነግረን ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ አዛብቼ አስታውሼው ይሆናል። ጭራቁ አንድ ቀንድ ነበረው ወይስ ሁለት፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ቀንዱን ትቼዋለሁ። የቀረው ግን እንዲህ ነው።

ፀሐይ ለምድር በጣም ቅርብ በነበረችበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ እማዋይሽ የምትባል ልጅ ከእናትና ከአባቷ ጋር ትኖር ነበር። ገና መዳህ ያልጀመረ ወንድምም ነበራት፤ ስሙ ይመር። በዚያ አገር ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለማያስወጣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል።

ይህን ልማድ የሚያውቅ አንድ ጭራቅ ነበር። ጥላ ከሰው እግር ሥር ሲገባ ከዋሻው ይወጣል፤ ጥላ ተመልሶ ሳይረዝም ወደ ዋሻው ይሮጣል፤ ከዘገየ ያልቅለታል። ደጅ ላይ ቆሞ እፍ ሲል የቤቱን ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል። ሁሉም ዓይን ከተከደነ ይገባና ሕፃኑን በከረጢቱ ይከታል። አንድ ዓይን እንኳ ክፍት ከሆነ ግን የበሩን ደፍ መርገጥ አይችልም። የጎረቤታቸውን የወይዘሮ አሰገደችን መንትዮች የወሰደው እንዲህ አድርጎ ነው።

አንድ ቀን ከጣሪያው ሣር ውስጥ አንዲት እንሽላሊት እማዋይሽ ጭን ላይ ዱብ አለች።

"ኧረ አንቺ ልጅ! በመጥረጊያ አውጪልኝ!" ብላ እናቷ ጮኸች። "ወተት ውስጥ ብትገባ ትፈጀናለች!"

"አላወጣትም። የእኔ ናት።"

"ምን አውቀሽ ነው የምታሳድጊያት?"

"ይመርንም ሳላውቅ ነው ማዘል የጀመርኩት።"

እውነትም ምንም አታውቅም። ስለዚህ ልክ እንደ ይመር ልታሳድጋት ሞከረች። መጀመሪያ በጣቷ ገንፎ አቀረበችላት። እንሽላሊቷ ፊቷን አዞረች።

"አንቺ ጀማሪ! እኔ ይመር ነኝ?"

እማዋይሽ ደነገጠች። "አይደለሽም።"

"ታዲያ እኔን ተመልከቺኝ!"

ተመለከተቻት። እንሽላሊቷ ግድግዳው ላይ ያረፈች ዝንብ ለቀም አድርጋ ዋጠች። ከዚያ በኋላ እማዋይሽ ፌንጣ ከነሕይወቱ ትይዝላት ጀመር።

ቀጥሎ ውሃ በዋንጫ ሞልታ አቀረበችላት።

"አንቺ ጀማሪ! እኔ ይመር ነኝ?"

"አይደለሽም።"

"ታዲያ እኔን ተመልከቺኝ!"

ተመለከተቻት። እንሽላሊቷ ከእንስራው ወገብ ላይ ያላበውን ጠብታ ላሰች። ከዚያ በኋላ እማዋይሽ ግድግዳውን በውሃ ትረጭላት ጀመር።

በመጨረሻም፣ የእንሽላሊቷ ዓይን ሁልጊዜ ፍጥጥ ያለ ስለሆነ፣ "ይህቺ ምስኪን እንቅልፍ አጥታለች" ብላ አዘነችላት። እሹሩሩ እያለች ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችላት።

"አንቺ ጀማሪ! እኔ ይመር ነኝ?"

"አይደለሽም።"

"ታዲያ እኔን ተመልከቺኝ! ተኝቼ ነበር እኮ፣ ቀሰቀስሽኝ! የሚከደን የዓይን ቆብ የለኝም።"

ይህን ተባብለው ብዙም ሳይቆዩ ጭራቁ ወደ እነሱ ቤት መጣ።

ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ እፍ አለ። እናትና አባት ዝርግት አሉ። እማዋይሽ ግን የመንትዮቹን ነገር ስለምታውቅ ሚጥሚጣ አፏ ውስጥ አድርጋ እያለቀሰች ነቅታለች።

"እዚህ ቤት ያልተከደነ ዓይን አለ?"

"አለ! የእኔ ዓይን አለ!"

"ሕፃኑን ስጪኝና አንቺን ልተውሽ።"

"አልሰጥህም!"

"ነገ እመጣለሁ።"

"ና! ነገም አልሰጥህም!"

በማግስቱ አባቷ ጦሩን ይዞ በሩ ሥር ተቀመጠ። ጭራቁ እፍ ሲል አባት ከነጦሩ ያንኮራፋ ጀመር። እማዋይሽ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ቆማለች።

"እዚህ ቤት ያልተከደነ ዓይን አለ?"

"አለ! የእኔ ዓይን አለ!"

"እግርሽ በርዶታል።"

"ይብረደው! አልሰጥህም!"

"ነገ እመጣለሁ።"

"ና! ነገም አልሰጥህም!"

በሦስተኛው ቀን ግን እማዋይሽ ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋ ጀመር።

"ልጄ፣ ዛሬስ አትችይም። ቤቱን ትተን እንሽሽ" አላት አባቷ።

"ቤታችንን ለእሱ? አንሄድም!" አለች። ከዚያ ቀና ብላ እንሽላሊቷን ጠየቀቻት። "ዛሬ ከበሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ትተኚልኛለሽ?"

"ግድግዳውን እርጪልኝ፣ እተኛለሁ።"

ረጨችላት። እናቷ ግን መጥረጊያውን አነሳች። "በዚህ ጭንቅ ደግሞ ከዚህች ጋር እንጫወት?"

"እማዬ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪ! እዚህ ቤት የማይከደን ዓይን ያላት እሷ ብቻ ናት።"

እናትየው መጥረጊያውን አስቀመጠች።

ጥላ ከእግር ሥር ገባ። ጭራቁ መጣና እፍ አለ። አባት ወደቀ። እናት ወደቀች። እማዋይሽም ይመርን እንዳቀፈች ወደቀች።

"እዚህ ቤት ያልተከደነ ዓይን አለ?"

ዝም።

"ኻ ኻ ኻ!" ብሎ እግሩን አነሳ። እግሩ ግን ደፉ ላይ አልወርድ አለው። በቀዳዳው ቢያጮልቅ አንድ ዓይን ፍጥጥ ብሎ ያየዋል።

"ማነሽ አንቺ? ክደኚ!"

እፍ አለባት። እንዴት ትተኛለት? ቀድማ ተኝታለች!

"የማይከደን ዓይን የት አለ! እጠብቅሻለሁ" አለና ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ለጥፎ ቆመ። ጠበቀ። ጠበቀ። ከኋላው ጥላው ከእግሩ ሥር ብቅ አለ። ጣት አከለ። ክንድ አከለ። ጭራቁ አላየም። ዞር ሲል ጥላው እስከ አጥሩ ተዘርግቷል!

ሊሮጥ ቢል እግሩ አፈር ሆነ። ጉልበቱ አፈር ሆነ። ሆዱ አፈር ሆነ። "ክደ..." ሲል አፉን አፈር ሞላው። በደጁ ላይ ትልቅ ኩይሳ ሆኖ ቀረ። ከረጢቱ ተቀደደና የወይዘሮ አሰገደች መንትዮች እያስነጠሱ ወጡ። "ርቦናል!" አሉ።

እማዋይሽ በጩኸታቸው ነቃች። "ጭራቁን ምን አደረግሽው?" ብላ እንሽላሊቷን ጠየቀቻት።

"እኔ ምን አውቄ? ተኝቼ ነበር!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳውን በውሃ የምትረጨው እናትየው ሆነች። እንሽላሊቷም ከኩይሳው የሚወጣውን ምስጥ እየለቀመች ወፈረች።

አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ፣ "እናንተ ግን ቆብ አላችሁ፤ ክደኑና ተኙ" ትለን ነበር። እኔ ስለ እንሽላሊቷ እያሰብኩ ቶሎ አልተኛም ነበር። ካደግሁ በኋላ የቤታችንን ግድግዳ እንሽላሊት በማጉያ መስታወት ቀርቤ ተመለከትኳት። በእርግጥም የሚከደን ቆብ የላትም። ዓይኗን አቧራ ሲነካው በምላሷ ትልሰዋለች።