መርዶ ነጋሪው ጡረታ ቢሮ ሲሄዱ

በእኛ ከተማ ሰው ከባድ ወሬ በሆዱ ይዞ ዳር ዳሩን ሲዞር የምትጣልበት አንዲት ተረት አለች። ሁሉም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣችው ከአያ ደምላሽ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ሳወራ ቢሰሙኝ በዱላ ያባርሩኝ ነበር።

አያ ደምላሽ የእድራችን መርዶ ነጋሪ ነበሩ። በዚህ ነገር የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሰው ሞተ ሲባል እሳቸው ይጠራሉ፤ ሟቹን ግን ቶሎ አይገድሉትም። መጀመሪያ “ትንሽ አመም አድርጎታል” ይላሉ። ቀጥለው “ጠንቶበታል”። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከግራ ከቀኝ ሲቆም፣ ያኔ ብቻ የመጨረሻዋን ቃል ያወጧታል። በእሳቸው መርዶ ወድቆ የተጎዳ ሰው የለም፤ ትልቁ ኩራታቸውም ይህ ነበር።

ታዲያ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ የነበሩት አቶ ይርሳው በጡረታ ላይ ሳሉ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሐዘን ተቀመጡ፤ አርባው ሳይወጣ ከቤት አይወጡም። ልጅ የላቸው፣ እርሻ የላቸው፤ የሚበሉት ከዚያችው ጡረታ ነበር። የሟች ስም ካልተዘጋ ደግሞ የሚስት ጡረታ አይከፈትም። ስለዚህ የሞት ምስክር ወረቀቱን ለአያ ደምላሽ ሰጡና፣ “አደራዎን፣ ጡረታ ቢሮ ሄደው ይንገሩልኝ” አሏቸው።

“መንገር ሥራዬ አይደል እንዴ!” አሉ አያ ደምላሽ፤ ጋቢያቸውን ደርበውም ሄዱ።

ቢሮው ውስጥ ትርንጎ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ብቻዋን ተቀምጣለች። የአቶ ይርሳውን ስም ገና ከመጥራታቸው ፊቷ በራ።

“ውይ፣ እሳቸውማ እንደ አባቴ ናቸው! በመጡ ቁጥር ሳያስቁኝ አይሄዱም። ደህና ናቸው?”

አያ ደምላሽ ክው አሉ። ልጅቷን የሚይዛት ዘመድ የለ፤ የተቀመጠችበት ወንበር የሚሽከረከር፣ ከኋላዋ ያለው ቁም ሳጥን ብረት። ብትወድቅስ?

“ቅርብ የሆነ ዘመድ አለሽ፣ ልጄ?”

“እህቴ ገበያው አጠገብ አለች። ምነው አባባ?”

“እንዲያው ነው... አቶ ይርሳው ትንሽ አመም አድርጓቸዋል።”

“እግዜር ይማራቸው! አይዞዎት በሏቸው።”

ወረቀቱን ከኪሳቸው ሳያወጡ ተመለሱ። ለወይዘሮ ማንጠግቦሽም “ጀምሬዋለሁ” አሏቸው። ሴትዮዋ ምርቃት አወረዱባቸው።

በሳምንቱ ደግመው ሄዱ። “ጠንቶባቸዋል” አሏት። የትርንጎ ዓይን እንባ ሲያቀርር ባዩ ጊዜ ሦስተኛዋን ቃል ለሌላ ቀን አቆዩዋት። “እህትሽ ብትመጣ ጥሩ ነበር” ብለው ወጡ። ልጅቷም ግራ ገብቷት ቀረች።

እዚህ ደግሞ ለቀስተኛው እየሳሳ፣ የሚመጣው ምግብ እየቀረ ሄደ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መጀመሪያ የባላቸውን ካፖርት ሸጡ፤ ቀጥለው ሬዲዮኑን። ሲብስባቸው ጎረቤታቸው እማሆይ ብርነሽ ከራሳቸው ቆርሰው ያካፍሏቸው ጀመር።

“ኧረ ምን አሉ የቢሮው ሰዎች?” ብለው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሲጠይቋቸው፣ አያ ደምላሽ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው “በሂደት ላይ ነው” ይላሉ። ጉድ እኮ ነው! ይህን ቃል ቢሮ ለባለጉዳይ ሲለው እንጂ ባለጉዳይ ስለ ቢሮ ሲለው ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ትርንጎ አላስቻላትም። ጡረተኛ በሕይወት መኖሩን በየጊዜው ቀርቦ ማሳየት አለበት፤ አቶ ይርሳው ከአልጋ ካልተነሱ እኔው ሄጄ ልያቸው ብላ ብርቱካን ገዝታ መጣች። ስትገባ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ፣ እማሆይ አጠገባቸው፣ አያ ደምላሽም በሩ ጥግ ተቀምጠዋል።

“አቶ ይርሳው የት ጋ ነው የተኙት? ልጠይቃቸው መጣሁ” አለች፣ ከፀሐይ የገባ ዓይኗ ጥቁሩን ገና ሳይለይ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

“የትኛው ይርሳው፣ ልጄ?” አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

“የታመሙት ነዋ! ጠንቶባቸዋል ብለውኝ እኚህ አባባ...”

ሁሉም ወደ በሩ ጥግ ዞረ። አያ ደምላሽ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ “ዛሬ ነገ ስል... ጠንቶባቸዋል ድረስ አድርሻት ነበር” አሉ።

ያኔ ገባት። ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ትርንጎ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ሴቶቹ ደግፈው ያዟት።

“አያችሁ? እኔ የፈራሁት ይህንን ነው!” አሉ አያ ደምላሽ፣ ያሸነፉ ያህል።

“እሷስ አለቀሰች፣ ወጣላት!” ብለው ጮኹ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። “እኔ ግን ጦሜን ሳድር አላዩም? ባሌን በእጅዎ አፈር አልብሰውት፣ ለእኔ ሲሆን ጨከኑ?”

አያ ደምላሽ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ለትርንጎ ሰጧት። እሷም እንባዋን ጠርጋ አነበበችው። “እማማ፣ ሰኞ የእሳቸው ስም ይዘጋል፤ የእርስዎም ወዲያው ይጀመራል” አለቻቸው።

“ለደግ ብዬ ነበር፤ ልጅቷን እንዳልጎዳት...” አሉ አያ ደምላሽ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

እማሆይ ብርነሽ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉና፣ “ደግነቱስ ደግ ነበር፣ ደምላሽ፤ ግን ሙት ሲያስታምሙ ቋሚ ይሞታል” አሏቸው።