የዳለቻ በረኛ

ስሙኝማ። «ሰማንህ» በሉኝና ልጀምር።

በአንድ ብርዳም የደጋ ከተማ ወንድይፍራው የሚባል ሹፌር ነበር። የሚነዳትን መኪና ዳለቻ ይላታል፤ ቀለሟ እንደ ዳለቻ በቅሎ አመድማ ስለሆነ። ዳለቻ የእንስሳት ክትባት ጽሕፈት ቤቱ ንብረት ናት፤ እሱ ግን ከገዛ ገላው አብልጦ ይንከባከባታል። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ዘይቷ ቀኑን ጠብቆ ይቀየራል፣ ጭቃ ይዛ አታድርም፣ የላላ ብሎን አይገኝባትም። ከሁሉ በላይ የሚኮራባት ግን በሙቀት መለኪያዋ ነው። ቀስቷ ከታች ተነሥታ አታውቅም። «እዩዋት» ይላል ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፤ «ዳገት ትውጣ፣ ጭነት ትሸከም፣ ይቺ መኪና ሙቀት የሚባል አታውቅም!» ይህችን ኩራቱን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

የወንድይፍራው ፍላጎት ትንሽ ነበረች። ዳለቻ አንዴ በተሞላላት ናፍጣ ዋሻ ሜዳ ደርሳ እንድትመለስ፣ በቃ።

ዋሻ ሜዳ ሩቅ ነው። ከከተማው ወዲያ ማደያ የለም፤ በጀሪካን መቅዳትም ተከልክሏል። ዳለቻ ቆላ በምትሠራበት ዘመን ከዚህ የረዘመ መንገድ ሄዳ ተመልሳ ናፍጣ ይተርፋት ነበር። ደጋ ከወጣች ወዲህ ግን ትንሽ ትንሽ እያጎደለች ከረመች፤ የኅዳር ብርድ ሲጠናማ ጭራሽ ዋሻ ሜዳ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ከድልድዩ አፋፍ ላይ መመለስ ጀመረች። የዋሻ ሜዳ በጎች ፈንጣጣ እየቀረባቸው፣ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ሁለት ጊዜ እስከ ድልድዩ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ወንድይፍራውን በሰው ፊት አስጠራው።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ናፍጣውን የምትጠጣው መኪናዋ ናት ወይስ ሌላ የተጠማ አለ?»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ወንድይፍራው አልሳቀም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ሌላ አለቃ ባልነካው ናፍጣ «ያባክናል» የሚል ደብዳቤ ጽፎበታል። በረሃ ያወረደው ያ ደብዳቤ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት እዚያው ያስቀመጠው ያ ደብዳቤ ነው። አሁንም ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ወንድይፍራው ከነቁጥሩ በቃሉ ይወጣዋል።

«እስከ ዓርብ ጊዜ ልስጥዎት» አለ አቶ ምንተስኖት። «ዓርብ ዋሻ ሜዳ ደርሰው ካልተመለሱ መኪናዋ ሐራጅ ትወጣለች። እርስዎም ሁለተኛ ደብዳቤ ይደርስዎታል። ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛ የለም።»

«ሌባውን ፈልጌ አመጣዋለሁ» አለ ወንድይፍራው። «ሰው ከሆነ ሰው፤ ብረት ከሆነ ብረት።»

ወጣና እጅጌውን ጠቀለለ፤ ዳለቻ ፊት ቆመ።

«ምነው ዋሻ ሜዳ አልደርስ አልሽ?» አላት።

«እኔ ምን አደረግኩ? ናፍጣው ነው አልበረክት ያለኝ» አለች ዳለቻ። በናፍጣው አላከከች።

ናፍጣውን ያዘው። «ምነው አልበረክት አልክ? አንተ ባለመበርከትህ ዳለቻ አትደርስም።»

«ማን ትንፋሽ ሰጠኝና! አየር ማጣሪያው አፍኖኛል፤ ታፍኜ እንዴት ልንደድ?» አለ ናፍጣው። በማጣሪያው አላከከ።

ወንድይፍራው ማጣሪያውን ፈትቶ አወጣው። «አንተ ናፍጣውን ታፍናለህ፤ ናፍጣው አይበረክትም፤ ዳለቻ አትደርስም። ምን ትላለህ?»

«ወደ ፀሐይ አንሣኝና እየኝ» አለ ማጣሪያው። አነሣው፤ ብርሃኑን ከወዲያ ወደዚህ ያሳልፋል። «አየህ? ባለፈው ወር ራስህ ነህ የቀየርከኝ። ጎማውን ለምን አትጠይቅም? ንፋሱ ጎድሎ ይጎተታል እኮ።» በጎማው አላከከ።

ጎማ ሠሪው ቢያድግልኝ ከከተማው መግቢያ ላይ ነው ያለው። መለኪያውን ከአራቱም ጎማዎች ሰካ፤ ወንድይፍራው ደግሞ ከኋላው ቆሞ ጎማውን ይመረምራል። «አንተ ትጎተታለህ፤ ማጣሪያው ባንተ ያላክካል፤ ናፍጣው በማጣሪያው ያላክካል፤ ዳለቻ በናፍጣው ታላክካለች፤ ዋሻ ሜዳ የሚደርስ የለም።»

«ጋሼ፣ ከጎማ ጋር ነው የሚያወሩት?» አለ ቢያድግልኝ።

«ካንተ ይሻላል፤ ሒሳብ አይጠይቀኝም።»

ቢያድግልኝ ሳቀ። «ንፋሱ ልክ ነው። ከዚህ በላይ ብሞላው እንደ ፊኛ ነው የሚፈነዳው።»

«ሰማህ?» አለ ጎማው። «እኔ ለመሽከርከር ተዘጋጅቻለሁ። ፍሬኑ ነው ጨምድዶ የያዘኝ።» በፍሬኑ አላከከ።

ማክሰኞ ወንድይፍራው ዳለቻን በክሪክ አነሣት፤ እያንዳንዱን እግር በእጁ አሽከረከረ። «አንተ ጎማውን ትይዛለህ፤ ጎማው ይጎተታል፤ ማጣሪያው በጎማው ያላክካል፤ ናፍጣው በማጣሪያው ያላክካል፤ ዳለቻ በናፍጣው ታላክካለች፤ እኔም ሌባ እባላለሁ!» ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ለመቆምም ሰነፈ።

«እስኪ የቱ ጋ ነው የያዝኩት?» አለ ፍሬኑ። «እኔ ሲረግጡኝ ብቻ ነው የምይዘው። ናፍጣ የሚረጩትን አፍንጫዎች ሂድና ጠይቅ፤ መርጨቱን ትተው እያንጠባጠቡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።» ከማን እንደሰማ አልተናገረም። በአፍንጫዎቹ አላከከ።

ረቡዕ አራቱም አፍንጫዎች ተፈቱ፤ ጋራዥ ሄዱ፤ በመሞከሪያው ላይ ተሰኩ። ወንድይፍራው ዐይኑን አልነቀለባቸውም። «እናንተ ታንጠባጥባላችሁ፤ ፍሬኑ በእናንተ ያላክካል፤ ጎማው በፍሬኑ ያላክካል፤ ማጣሪያው በጎማው ያላክካል፤ ናፍጣው በማጣሪያው ያላክካል፤ ዳለቻ በናፍጣው ታላክካለች፤ በጎቹ ሳይከተቡ ይቀራሉ!» አፍንጫዎቹ ናፍጣውን እንደ ማለዳ ጉም አድርገው ረጩት። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

«እኛ ሥራችንን ሠርተናል» አሉ። «የረጨነውን የማያቃጥለው ሞተሩ ነው።» በሞተሩ አላከኩ።

አሁን ስድስት ቤት አንኳኩቷል፤ ሁሉም ደጃፉን እየጠረገ ወደ ጎረቤቱ ጠቁሞታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ወንድይፍራው አልተወም። መተው ማለት ያ የድሮ ደብዳቤ እውነት ነበር ማለት ነውና።

ኀሙስ ጠዋት ሞተሩን ሊያዳምጥ ዳለቻን ዳገት ይዟት ወጣ። ከጎኑ ክትባት የምትሰጠው ስመኝ ተቀምጣለች፤ እግሯን በጋቢ ጠቅልላለች።

«ጋሼ» አለች፤ «ይኼ ማሞቂያህ ሙቀት ነው የሚነፋው ወይስ ጉንፋን?»

«እኔ ስለ ናፍጣ እጨነቃለሁ፤ አንቺ ስለ እግርሽ!»

«እግሬስ የዚህች መኪና መንገደኛ አይደለም? አንድ ሰዓት ሙሉ ነድተን ሞተሩ ካልሞቀ መቼ ሊሞቅ ነው?»

ወንድይፍራው ወደ መሪው ጎንበስ አለ። የሙቀት መለኪያዋን አየ። ቀስቷ እንደ ልማዷ ከታች ተኝታለች። ዳር ይዞ አቆመና ኮፈኑን ከፈተ።

«አንተ ሞተር! አፍንጫዎቹ የረጩትን አታቃጥልም፤ ፍሬኑ በአፍንጫዎቹ ያላክካል፤ ጎማው በፍሬኑ፤ ማጣሪያው በጎማው፤ ናፍጣው በማጣሪያው፤ ዳለቻ በናፍጣው ታላክካለች፤ ነገ ዓርብ ነው!»

«በርዶኛል» አለ ሞተሩ። «የበረደው ሰው ምግብ ይፈጭለታል? ግማሹን እበላለሁ፤ ግማሹን በጭስ ማውጫው እተፋዋለሁ።»

«እኔ እኮ ስለማትሞቅ ነው የምኮራብህ!»

«ያንተ ኩራት ነው ያንቀጠቀጠኝ። ውኃውን ጠይቀው፤ አንድ ቀን አሙቆኝ አያውቅም።» በውኃው አላከከ።

ውኃውን ጠየቀው። «ሞተሩን አታሞቀውም፤ ሞተሩ አያቃጥልም፤ አፍንጫዎቹ በሞተሩ ያላክካሉ፤ ፍሬኑ በአፍንጫዎቹ፤ ጎማው በፍሬኑ፤ ማጣሪያው በጎማው፤ ናፍጣው በማጣሪያው፤ ዳለቻ በናፍጣው!»

«እንዴት ልሙቅ?» አለ ውኃው። «ገና ለብ ስል በሩ ክፍት ነው፤ ወደ ራዲያተሩ እሮጣለሁ፤ ነፋስ ይመታኛል፤ በርዶኝ እመለሳለሁ። በረኛው የለም።»

ወንድይፍራው በረኛው የት እንደገባ ትዝ አለው።

በረኛ ማለት ቴርሞስታት ነው። በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ይቆማል፤ ውኃው እስኪሞቅ በሩን ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይከፍታል። በረሃ ያሉ መካኒኮች መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን አውጥተው መጣል ነው። «ለዚህ ሐሩር በረኛ ምን ያደርጋል? ይግባ ይውጣ!» ይላሉ። ዳለቻም በረሃ የደረሰች ሳምንት አንዱ መካኒክ ይህንኑ አለ፤ ወንድይፍራውም «አውጣልኝ» አለ። በረሃ እያለች ፀሐዩ ራሱ ያሞቃት ነበር። ደጋ ስትወጣ ግን በሩን የሚዘጋ አልነበረም።

ወንድይፍራው ከዳለቻ የወጣ ነገር አይጥልም። ከወንበሩ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አለው። ከፈተው፤ ምስማሩን ወዲያ አደረገ፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን በረኛ አገኘው።

«አንተ እዚህ ተኝተሃል!» አለው። «ውኃው አይሞቅም፤ ሞተሩ ይበርደዋል፤ አፍንጫዎቹ በሞተሩ ያላክካሉ፤ ፍሬኑ በአፍንጫዎቹ፤ ጎማው በፍሬኑ፤ ማጣሪያው በጎማው፤ ናፍጣው በማጣሪያው፤ ዳለቻ በናፍጣው! ለምን ቦታህ ላይ የለህም?»

«ማን አወጣኝ?» አለ በረኛው።

ወንድይፍራው መልስ ነበረው። አሥራ አራት ዓመት ሲያደልበው የኖረ መልስ ነው። ያ ደብዳቤ ባይጻፍ በረሃ አይወርድም፤ በረሃ ባይወርድ በረኛው አይወጣም። ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰ። ደርሶም የዳለቻን ማላከክ መሰለው፤ የናፍጣውን መሰለው፤ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጎረቤቱ እየጠቆመ የላከውን ሁሉ መሰለው።

«ደብዳቤው በረሃ ላከኝ» አለ ቀስ ብሎ። «በረኛውን አውጣ ግን አላለኝም። አውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ደጋ ስወጣ ያልመለስኩትም እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው?» አለች ስመኝ።

«ከሌባው ጋር። አገኘሁት።»

ግን ይህን ያህል ዘመን የተኛ በረኛ ሥራውን ያስታውስ ይሆን? ወንድይፍራው ስመኝን አስከትሎ መንገድ ዳር ቅቅል ድንች የምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ ሄደ። ድንቿን ሸጣ ጨርሳ ውኃው ብቻ ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል።

«እመቤት፣ ይቺን ነገር ቀቅዪልኝ።»

ሴትዮዋ ብረቱን አየች፤ እሱን አየች። «ጨው ላድርግበት?»

በሽቦ አንጠልጥሎ ከተተው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ድስቱ ውስጥ አፈጠጡ። በረኛው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ።

«ውይ፣ አዛጋ!» አለች ድንች ሻጯ።

አወጣው፤ ሲበርድ ዘጋ። መልሶ ከተተው፤ ከፈተ። ወንድይፍራው እዚያው ድስቱ ፊት እጅጌውን ጠቀለለ፤ ሳይመሽ በረኛው ቦታው ላይ ነበር።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ የክትባቱ ሣጥን ተጫነ፤ ዳለቻ ጢም ብላ ተሞላች። ገና ከከተማው ሳይርቁ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ተነሣች። ወጣች፣ ወጣች፤ መሐል ላይ ደረሰች። ወንድይፍራው ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሣ።

«ሞቀች!»

«እኔም!» አለች ስመኝ፤ ጋቢውን ከእግሯ ላይ ወረወረች።

ያን ጊዜ የማላከኩ ሰንሰለት ወደ ኋላ ተተረተረ። በረኛው በሩን ዘጋ፤ ውኃው ሞቀ፤ ሞተሩ ነቃ፤ አፍንጫዎቹ የረጩት ነደደ፤ ፍሬኑ ለቀቀ፤ ጎማው ተሽከረከረ፤ ማጣሪያው ተነፈሰ፤ ናፍጣው በረከተ፤ ዳለቻም ድልድዩን ቀና ብላ ሳታየው አለፈችው!

ዋሻ ሜዳ ላይ እማማ አትጠገብ ሃምሳ በጎቻቸውን ይዘው ከሰው ሁሉ ፊት ቆመዋል።

«ዛሬስ መንገዱን ማን አሳያችሁ?» አሉ።

«እማማ፣ መንገዱንስ እናውቀው ነበር» አለ ወንድይፍራው፤ «በሩን ነው መዝጋት የረሳነው።»

በጎቹ ተከተቡ። ዳለቻ ተመለሰች። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ስትቆም ከናፍጣዋ ጥቂት ተርፏል። አቶ ምንተስኖት ጎንበስ ብሎ መለኪያውን አየ፤ በጣቱም መታ መታ አደረገው።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነበር?» አለ። «የጎማው? የጋራዡ? የበረሃው መካኒክ?»

«የእኔ» አለ ወንድይፍራው።

አቶ ምንተስኖት እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበር፤ የሚጽፈው ጠፋበት። በዚያ ቢሮ እንዲህ ያለ መልስ የሚጻፍበት ቅጽ አልነበረም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በረኛውን አወጣሁ፤ ናፍጣ ግን አልሰረቅሁም ብለው ይጻፉ። ሁለቱንም። ከድሮው ደብዳቤ በላይ ያድርጉልኝ፤ ፋይሉን የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ ይህን ያንብብ።»

ጻፈው፤ አኖረውም። የድሮው ደብዳቤ አሁንም ከሥሩ አለ፤ ያነሣው የለም። ወንድይፍራው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቀስቷ ሲጠየቅ «መሐል ላይ ናት» ይላል፤ ስመኝም ያለ ጋቢ ትሄዳለች።

የእኔም ነገር ደርሳ ተመለሰች። ለሰማችሁበት ጆሮ ሙቀት አይጉደልበት።